ቤትዎ ውስጥ ሽጉጥ አለ?

ሳን ሆዜ፣ ካሊፎርኒያ
ኅዳር 6 ቀን 2018 ዓ.ም.

ራህመቴ፣ የቤቴ ዓይን፣

አሰላሙ ዓለይኩም። ከሰላምታው ቀጥሎ፣ ደህና ነኝ። ጸባይሽን ስለማውቀው ነው ይህን ያስቀደምኩት፤ ወረቀት በሰው እጅ ሲመጣ መርዶ ይመስልሻል። መርዶ አይደለም። የምጽፍልሽ ራሴ ነኝ፣ በራሴ እጅ፣ ምሳዬን በልቼ። እናትሽ ጋደም ሲሉ ጠብቂና ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው።

በስልክ ያልነገርኩሽ አንቺ ስልክ የምታነሺው ስፒከር ላይ አድርገሽ ስለሆነ ነው። እኔ «እንዴት አደርሽ» ስል አክስትሽ ይመልሱልኛል፤ ከበር ላይ ደግሞ አንዱ ጎረቤት «የሱፍ ነው? ሰላም በሉልኝ» ይላል። ይህ ነገር በስፒከር የሚወራ አይደለም። ከኤርፖርቱ የታክሲ ሰልፍ ጓደኛዬ ሙጠሊብ ለእህቱ ሠርግ ደሴ እንደሚሄድ ስሰማ ጊዜ በሱ እጅ ልላክልሽ ብዬ ቆረጥኩ። ምን እንደያዘ አያውቅም። ቢጠይቅሽ «የቤት ጣጣ ነው» በይው፤ ውሸት አይሆንብሽም።

የምነግርሽ ስለ ደባሌ ነው። አዎ፣ ስለ ሽጉጡ። ኦክላንድ ማደያ ውስጥ ያ ሰው አንገቴ ላይ ብረት ደግኖ ኪሴን ካራገፈ በኋላ የገዛሁት፣ አንቺ «ኪራይ የማይከፍል ደባል አመጣህብኝ» ያልሽው፣ ከቁም ሳጥኑ ላይ ከሻንጣዎቹ ጀርባ የተቀመጠው። «አንተ ወንበር ፈልገህ እሱን እስክታወርድ ሌባው ሻዩን ጠጥቶ ይሄዳል» እያልሽ ስንት ዓመት ሳቅሽብኝ። ያኔ እናደድ ነበር። አሁን ሳስበው ያ ሳቅሽ ነበር ከጓጉንቸር ይልቅ ያሰረው።

አንቺ እናትሽን ልታስታምሚ በሄድሽ በሳምንቱ ስኳሩ ዓይኔን እንደነካው ተነግሮኝ መንዳት መከልከሌን ታውቂያለሽ። የማታውቂው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። ሰው ሲደውልልኝ «አረፍኩ እኮ፣ ጡረታ ወጣሁ» እያልኩ እስቃለሁ። ስልኩን ስዘጋ ግን የምሠራው የለኝም። ያቺ ነጭ ፕሪየስ በር ላይ ቆማ አቧራ ስትለብስ በመስኮት አያታለሁ። ምግብ ማሞቅ ተውኩ፤ ከዚያ መብላቱንም ተውኩ። ጁሙዓ ቀረሁ። አላህ ልጅ ባይሰጠን እርስ በርስ ሰጠን እንል አልነበር? ከሁለት ሰው አንዱ ሲጎድል ምን ያህል እንደሚጎድል ግን አንድም ቀን አስበነው አናውቅም።

አንድ ሐሙስ ጠዋት ወንበር አምጥቼ ደባሌን አወረድኩት። ለምን እንዳወረድኩት ልጽፈው ብዬ እጄ እምቢ አለኝ። አንቺ ታውቂዋለሽ። ሐራም መሆኑንም አውቃለሁ፤ ስለሱ አትንገሪኝ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ፣ እሱን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ሳለ ስልኩ ጮኸ። አንቺ ነሽ። ለእናትሽ የላክሁት የደም ግፊት መለኪያ ባትሪው አልገጥም ብሎሽ «አንተ ሰውዬ፣ የታመመው ዓይንህ ብቻ ነው ወይስ ልብህም ነው?» እያልሽ ጮህሽብኝ። አስታወስሽው? መጨረሻ ላይ «ድምፅህ ምን ሆኗል?» ስትዪኝ «ተኝቼ ነበር» አልኩሽ። አልተኛሁም ነበር፣ ራህመቴ። ጉሮሮሽ ይባረክ። ስድብሽን እስክትጨርሺ ቁጭ ብዬ ሰማሁ፤ ከዚያ ሽጉጡን ወደ ቦታው መለስኩና ባትሪ ልገዛ ወጣሁ። ባትሪው ሙጠሊብ በያዘው ፌስታል ውስጥ አለ፤ ይህኛው ይገጥማል።

በሚቀጥለው ሳምንት የስኳር ቀጠሮዬ ነበር። ዶክተሯ አዲስ ናት፣ የቬትናም ሰው፣ ልጅ ብንወልድ ኖሮ በሷ ዕድሜ ትሆን ነበር። እንግሊዝኛዬን ትንሽ ሰማችና በስልክ የአማርኛ አስተርጓሚ አስገባችልኝ። አስተርጓሚዎቹ እንደምታውቂው ስማቸውን አይናገሩም፣ ቁጥራቸውን ብቻ ነው። ምን ዋጋ አለው! ገና አፏን ስትከፍት አወቅኋት። ራቢዓ ናት። የመስጊዳችን ራቢዓ፣ በዒድ ቀን በማይክራፎን «የነጭ ፕሪየስ ባለቤት መንገድ ዘግተዋል» እያለች በሕዝብ ፊት ያዋረደችኝ። እሷም ስሜን ስትሰማ ማን እንደሆንኩ ሳታውቅ አልቀረችም።

ዶክተሯ ስለ እንቅልፌ ጠየቀች፣ ስለ አመጋገቤ ጠየቀች፣ ከዚያ በዚያው ድምፅ፣ የጫማ ቁጥሬን እንደምትጠይቅ ሁሉ፣ አንድ ነገር አለች። ራቢዓ ወደ አማርኛ መለሰችው።

«ቤትዎ ውስጥ ሽጉጥ ወይም ሌላ የጦር መሣሪያ አለ?»

በደርግ ጊዜ ኮምቦልቻ ቤታችን ለአሰሳ የገቡት ሰዎች አባቴን የጠየቁት ይህንኑ ነበር። የሚጠይቅ ሰው ሁሉ የሚወስድሽ ይመስልሻል። «ማን ልኮሽ ነው?» ልላት ምንም አልቀረኝም። ዶክተሯ ፊቴን አይታ መሰለኝ፣ «ሁሉንም ታካሚ እጠይቃለሁ። ለፖሊስ አይደለም፣ ለርስዎ ደኅንነት ነው» አለች።

እውነቱን ልንገርሽ? ፖሊሱን ወዲያው ረሳሁት። ያስፈራችኝ ራቢዓ ናት። «የሱፍ ሚስቱ ከሄደች ወዲህ ሽጉጥ ታቅፎ ቤቱን ዘግቷል» የሚል ወሬ ዙህር ሶላት ላይ ቢነሳ ዓስር ሳይደርስ ፍሪሞንት ነው፤ ለመግሪብ ኦክላንድ ገብቷል። አንቺም ደሴ ሆነሽ ከኔ በፊት ትሰሚዋለሽ። ስለዚህ «እኔ ቤት? ያለው ቢላ እንኳ ሽንኩርት አይቆርጥም» አልኩ። ራቢዓ ቢላውንም ሽንኩርቱንም አልዘለለችም፤ ሁሉንም ተረጎመችው። ዶክተሯ ሳቀች። ሳቋን ሳትጨርስ ደግሞ፣

«መኖር የሚያስጠላዎት ቀን አለ?»

«አልሐምዱሊላህ» አልኩ።

ይህ ደግሞ አዎ አይደለም፣ የለምም አይደለም። ራቢዓ እንዳለ አስተላለፈችው፤ ዶክተሯም ጽፋ ወደ ሌላው አለፈች። እኛ ሰዎች በዚህች በተባረከች ቃል ስር ስንቱን ነገር ሸሽገናል! ሐኪም «እንዴት ነዎት» ሲለን ጎረቤት የጠየቀን ይመስለናል።

በላይት ሬል ባቡር ወደ ቤት ስመለስ በራሴ አፈርኩ። ለስሜ ስፈራ ነፍሴን ረስቼ መጣሁ። ቤት ገብቼ ያን ቁም ሳጥን ቀና ብዬ ላለማየት ሳሎን ተቀመጥኩ፤ በራሴ ቤት፣ መኝታ ቤቴን ፈርቼ። በማግስቱ ክሊኒኩ ደወልኩና «ቶሎ ቀጠሮ ስጡኝ፣ አስተርጓሚ አልፈልግም» አልኩ። ስንት ዓመት እዚህ አገር የነዳሁ ሰው አንድ ነገር መናገር ያቅተኛል?

አቃተኝ። ዶክተሯ ፊት ተቀምጬ ቃል ፈለግሁ፣ ቃል የለም። እንግሊዝኛዬ ፍሪዌይ ያውቃል፣ ተርሚናል ያውቃል፣ ሻንጣ ያውቃል። ሆድ አያውቅም። «ማይ ዋይፍ… ማይ ሃውስ…» እያልኩ ስንተባተብ እንባዬ ቀደመኝ። ልጅቷ መሐረብ ሰጠችኝና ወንበሯን ቀረብ አድርጋ «አስተርጓሚ ልጥራልዎት?» አለች። እሺ አልኩ። ደወለች። ስልኩ ተነሳ፤ አስተርጓሚዋ ቁጥሯን ተናገረች። የአላህ ሥራ፣ ራቢዓ!

«ራቢዓ፣ አንቺ ነሽ?» አልኳት።

በሥራ ድምፅዋ መለሰችልኝ። «አስተርጓሚዋ ስለ ራሷ መናገር አትችልም። እርስዎ የሚሉትን ብቻ ነው የምናገረው። የሚሉት ነገር ደግሞ ከኔ አይወጣም፣ ጋሼ።» ይህን ያልኳትንና ያለችኝን ለዶክተሯ በእንግሊዝኛ ነገረቻት፤ ደንባቸው ነው። «ጋሼ» የምትለዋን ግን የተረጎመቻት አይመስለኝም።

እኔም ዓይኔን ጨፈንኩና ተናገርኩ። «ሽጉጥ አለኝ» አልኩ።

«አይ ሃቭ ኤ ገን» አለች ራቢዓ።

አስተርጓሚዎች «እሱ እንዲህ ይላል» አይሉም፣ ራህመቴ። «እኔ» ነው የሚሉት። ይህን ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ፣ ልብ ብዬው ግን አላውቅም። እኔ «አንድ ቀን አውርጄው ነበር» ስል እሷ «እኔ አውርጄው ነበር» አለች። እኔ «እፈራለሁ» ስል «እኔ እፈራለሁ» አለች። ዶክተሯ «ማንን ነው የሚፈሩት? ሌባ?» ስትል፣ «ራሴን» አልኩ። ያኔ ራቢዓ በቀጭን ድምፅ «አስተርጓሚዋ አንድ ደቂቃ ትጠይቃለች» አለች፣ በሁለቱም ቋንቋ። ጠበቅናት። ተመልሳ መጥታ «አይ አም አፍሬድ ኦፍ ማይሰልፍ» ስትል፣ ሸክሜን አንድ ሰው በአንድ ጫፍ ያነሳልኝ ያህል ቀለለኝ።

ዶክተሯ አልተቆጣችኝም። «ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ» ነው ያለችኝ። መጀመሪያ ውሸት ስለነገርኳት ይቅርታ ብጠይቃት «ብዙ ሰው መጀመሪያ የለም ነው የሚለኝ» አለች። መድኃኒት ጀምሬያለሁ። በየሳምንቱ ማክሰኞ የሚያነጋግረኝ ሰውም ሰጥተውኛል፤ ጥሩ ሰው ነው፣ ብዙ ዝም ይላል።

ስለ ደባሌ ደግሞ «ለጓደኛዬ በአማና ልስጠው» ብያት ነበር። ለካ በዚህ አገር ሽጉጥ እንደ ሳህን ከጎረቤት ለጎረቤት አይተላለፍም፤ ሕግ አለው። ፈቃድ ያለው ሱቅ ግን ያስቀምጣል አሉኝ። ሚልፒታስ የገዛሁበት ሱቅ ተራ ይዤያለሁ። እስከዚያው ዶክተሯ አንድ የሽቦ ጓጉንቸር ሰጠችኝ። የዚያኑ ቀን ሙጠሊብን ጠርቼ፣ ምክንያቱን ሳልነግረው፣ አብሮኝ ቆሞ ጥይቱን አወጣን፣ ሽቦውን በውስጡ አሳልፈን ቆለፍነው። ሱቁም ሲወስደው ከነጓጉንቸሩ ነው። ሙጠሊብ አንድም ነገር አልጠየቀኝም። ብቻ ከዚያን ቀን ጀምሮ ጁሙዓ ሳልጠራው መጥቶ ይወስደኛል፤ ሰው ሳይነገረው የሚያውቀው ብዙ ነው።

«ቁልፉን የሚይዝልዎት የሚያምኑት ሰው አለ?» ብላ ነበር ዶክተሯ።

«ሚስቴ» አልኳት።

«የት ናት?»

«ደሴ።»

በስልኳ ካርታ ላይ ፈልጋ አገኘችው። አየችው፣ አየችኝ፣ «ይህስ በቂ ርቀት ነው» አለች። ራቢዓ እየሳቀች ተረጎመችልኝ። መስመሩ ሊዘጋ ሲል ደግሞ ከደንቡ ወጥታ አንዲት ቃል ጨመረች። «አብሽሩ» አለችኝ።

ባለፈው ጁሙዓ መስጊድ በር ላይ አገኘኋት። አንገቴን ደፍቼ ላልፋት ነበር። እሷ እቴ! «ጋሼ የሱፍ፣ እትዬ ራህመት መቼ ነው የሚመጡት? ቤቱ ያለሳቸው አይሞቅም» አለችና የሳምቡሳ ሳህን እጄ ላይ አስቀምጣ ወደ ሴቶቹ ገባች። በዓይኗ እንኳ አልነካችኝም። ወሬኛ ያልኳትን ልጅ አላህ ይቅር ይበለኝ። ሳህኑን አጥቤ አስቀምጬዋለሁ፤ ባዶውን መመለስ ነውር ነው፣ ስትመጪ አንድ ነገር ታደርጊበታለሽ።

እንግዲህ ፖስታው ጥግ በጥጥ የጠቀለልኳቸው ሁለቱ ትንንሽ ቁልፎች እነሱ ናቸው። ሌላ ቁልፍ የለም። አንቺ ጋ ይቀመጡ። ወይም ኮምቦልቻ ስትወርጂ ቦርከና ወንዝ ውስጥ ጣያቸው፤ ሒሳብ አልጠይቅሽም። ለእናትሽ አትንገሪያቸው፤ ያማቸዋል።

አሁን ስታለቅሺ ይታየኛል፤ ቀጥለሽም ትኬት ለመቀየር ስትነሺ። ተቀመጪ። ለእናትሽ ያለቻቸው ልጅ አንድ አንቺ ነሽ፤ እኔ ዶክተር አለኝ፣ ሙጠሊብ አለኝ፣ የማክሰኞው ዝምተኛ አለኝ። እበላለሁ። ትናንት ምስር ሠራሁ፣ አረረ፣ ያረረውን በላሁት። ስትደውዪ ግን በቀን አንድ ጊዜ ስፒከሩን አጥፊው። ድምፅሽን ብቻዬን ልስማው። መሳደብም ትችያለሽ።

አላህ እናታችንን ያሽርልን። እጅሽን ከሥራ፣ ልብሽን ከሐሳብ ያሳርፍልሽ። አክስትሽንና በር ላይ ቆመው ሰላም የሚሉኝን ጎረቤቶች ሁሉ ሰላም በያቸው፤ ደህና ነው በያቸው።

እናትሽ ሲሻላቸው ትመጫለሽ። የሚቆይ ከሆነ ግን ንገሪኝ፣ ራህመቴ፤ እኔ እመጣለሁ።

ያንቺው
የሱፍ