ለአራሷ ልጄ ውኃ ያላሞቀው ምድጃ

ለጭስ አልባ ኩሽና ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት ክቡር ኃላፊ
እንጅባራ

ክቡር ሆይ፣ ከነቤተሰብዎ እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ እንደተሟላ፣ ቤትዎም እንደሚሞቅ ተስፋ አደርጋለሁ፤ የእኛ ሰፈር ግን ከእሑድ ጀምሮ በርዷል።

እኔ የከሰል ምድጃዋን አስረክባ፣ ከእጅዎ የኢንዳክሽን ምድጃ ተቀብላ አብራዎት ፎቶ የተነሳችው ሴት ነኝ። የድሮ ምድጃዎቻችንን እዚያው ፊታችን ስላስጨፈለቁልን ከልብ አመሰግናለሁ፤ ሐሳባችንን እንዳንቀይር አስበውልን ነው። ጥቂት ቅሬታዎቼን በትሕትና አቀርባለሁ።

1. ምድጃው ራሱ እንደማይግል፣ በውስጡ ያለው ሽቦ የማግኔት ኃይል ፈጥሮ የድስቱን መቀመጫ ብቻ እንደሚያግል በሚገባ አስረድተውናል። ማግኔት የማይስበው ድስት እንደማይሠራበት ግን አልነገሩንም። ሸክላም ሆነ አልሙኒየም ስንጥድበት ጮኾ ይጠፋል። በሠርቶ ማሳያው ቀን ሽሮውን ያንተከተከችው ብረት ድስት የጽሕፈት ቤቱ ንብረት ስለነበረች በመኪናዎ ተመልሳለች።

2. እኔም ጎረቤቶቼም ብረት ድስት ከዳንግላ አስመጣን። ምድጃው ሁለት ሺህ ዋት እንደሚፈልግ ካርቶኑ ላይ ተጽፏል። ለሰፈሩ ሁሉ ሲያድሉ፣ አምፖል እንኳ የሚያደበዝዘውን ያንን አንድ አሮጌ ትራንስፎርመር ቀና ብሎ ያየ ባለሙያ አልነበረዎትም? እሑድ ሰው ከቅዳሴ ወጥቶ ሁሉም እኩል ድስቱን ጣደ፤ ትራንስፎርመሩ ፈነዳ።

3. ልጄ ምሕረት ከወለደች ገና ሦስተኛ ቀኗ ነበር። የእንጅባራን ብርድ ያውቁታል። ከሰል የጫነ አይሱዙ በደጃችን ወደ አዲስ አበባ ሲያልፍ፣ እኔ ገንፎ የማገነፋበት፣ ጨቅላውን የማጥብበትን ውኃ ለብ የማደርግበት አጥቼ የቀዘቀዘ ምድጃ ታቅፌ ቆምኩ። የልጁ ከንፈር ሲጠቁር አየሁ። ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ አክብሮቴን መጠበቅ አቅቶኛል፤ አንጀቴ አርሯል። ሰኞ ቢሮዎ ብመጣ ስብሰባ ላይ ነበሩ፤ አጀንዳው የምድጃው ፕሮግራም ስኬት ነው ተባልኩ።

ትራንስፎርመሩን ያስቀይሩልን፤ አለዚያ የጨፈለቁትን ምድጃ ይተኩልን።

በሚያብለጨልጨው ስጦታዎ ፊት ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳ፣
እታለማሁ፣ የአራስ እናት

ማሳሰቢያ፦ ሕፃኑ ደህና ነው። እሑድ ድስቴን ይዤ ስንከራተት ከጽሕፈት ቤትዎ ጓሮ ጭስ አየሁ። ዘበኛዎ አያ ይኸነው፣ ለእርስዎ ሻይ ማፍያ የተቀመጠውን የከሰል ምድጃ አቀጣጥለው ሲሞቁ አገኘኋቸው። ውኃውም የሞቀው፣ ገንፎውም የተገነፋው በዚያ ነው። አደራዎን እሳቸውን አይቆጡብኝ፤ ከጽሕፈት ቤትዎ ሠራተኞች ሁሉ ለሰፈራችን ኃይል ያቀረቡት እሳቸው ብቻ ናቸው።