ሳላነብልህ የዘለልሁት መስመር

ቆቦ፣ ነሐሴ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ እንድሪስ፣

ዋጃ ወደሚገኘው ወደ ልጅህ ወደ ታሂር ቤት ከሄድህ አርባ ቀን ሆነ። በሚኒባስ ቅርብ መንገድ ሆኖ ሳለ አንድ ቀን እንኳ አልመጣሁም። ስለ እኔ «ተዋቸው ታሞ ቢሆን ነው እንጂ አይቀርም ነበር» ብለሃል ሲሉ ሰማሁ። አልታመምሁም። ፊትህን ማየት ፈርቼ ነው።

አንተ ፊደል ስላልቆጠርህ፣ ለአርባ ዓመት ወደ ቤትህ የገባ ወረቀት ሁሉ በእኔ አፍ አልፏል። መምህርነቴን ምክንያት አድርገህ «የኔታ ያነበበውን ዳኛም አይሽረው» እያልህ ትቀልድብኝ ነበር።

ከሦስት ዓመት በፊት ከዞብል በኩል የመጣው ንፋስ የጎረቤቶቻችንን ቆርቆሮ ሲገነጥል፣ «ጣሪያውን ድንጋይ እንጫነው፤ የቆየ ዘዴ ነው» ያልሁህ እኔ ነኝ። ከሆርማት ወንዝ በጋሪ አስመጣን። አንተ ከላይ፣ እኔ ከመሰላሉ ላይ ሆነን ስንቀባበል ባለቤትህ ራቢዓ ከታች ቆማ፣ «እናንተ ሽማግሎች፣ የቅሬውን ዕድርተኛ በአንድ ቀን ሁለት መቃብር ልታስቆፍሩት ነው? አንዳችሁ እንኳ ውረዱ!» አለችን። አንተም «እኔስ ቀላል ነኝ፤ የኔታን ግን ቤተ ክርስቲያን ድረስ የሚሸከም አይገኝም። ሆዱን አታይውም?» ብለህ መሰላሉ እስኪወዛወዝ አሳቅኸኝ።

ዘንድሮ ታሂር ለሚኒባሱ መድን ሲገባ፣ «አባቴ፣ ለቤቱም ግባ፤ ንፋሱ በየዓመቱ እየባሰ ነው» አለህና ተስማማህ። ከመድን ድርጅቱ የመጣው ወጣት ጣሪያውን አየ፣ በስልኩ ፎቶ አነሳ፣ «የሚስተካከለውን በደብዳቤ እናሳውቃለን» ብሎ ሄደ። ደብዳቤው በግንቦት መጨረሻ ደረሰ። እንደ ልማዳችን በረንዳህ ላይ ተቀምጠን ለአንተና ለራቢዓ አነበብሁላችሁ። የቤቱን ስፋት፣ የግድግዳውን ዓይነት፣ የውሉን ዘመን አንድ በአንድ ተናገርሁ። አንዱን መስመር ግን በዓይኔ አይቼ በአፌ ዘለልሁት፤ ወረቀቱንም «እኔ ዘንድ ይቀመጥ» ብዬ ወደ ቤቴ ወሰድሁት።

«በጣሪያው ላይ የተጫኑት ድንጋዮች በንፋስ ጊዜ በሰው ላይ ሊወድቁ ስለሚችሉ እንዲነሱ፤ ቆርቆሮውም ከማገሩ ጋር በብረት እንዲታሰር፤ ይህ ካልተፈጸመ የንፋስ ዋስትናው አይጸናም» ይላል።

ለምን ዘለልኸው ብትለኝ፣ መልሱ ያሳፍራል። ተማሪዬ ሊሆን በሚችል ልጅ ቃል፣ ምክሬ ስሕተት መሆኑን በራሴ አንደበት፣ ያውም በራቢዓ ፊት መናገር ከበደኝ። ለብቻህ ሳገኝህ እነግርሃለሁ፣ ድንጋዩንም አብረን እናወርደዋለን አልሁ። ነገ፣ ከነገ ወዲያ ስል ሦስት ሳምንት አለፈ።

ዓርብ ሰኔ 20 አንተ ከጁምዓ ሳትመለስ ንፋሱ ተነሣ። ራቢዓ ግቢ የተሰጣውን ማሽላ ልታስገባ ወጣች። እኔ ከአጥር ማዶ ሆኜ ቆርቆሮው ሲነሣ አየሁ። «ራቢዓ!» ብዬ ተጣራሁ፤ ንፋሱ ድምፄን ወሰደው። ድንጋዩ በእርሷ ላይ ሲወርድ ማሽላው ገና በእጇ ነበር።

ድርጅቱ ውሉ አይጸናም ባለ ቀን ታሂር የዚያን ወጣት ኮሌታ አንቆ «ለምን አልነገርከንም? እናቴን የገደልካት አንተ ነህ!» አለው። ልጁ «ጽፌያለሁ! እናቴ ትሙት፣ ጽፌያለሁ!» እያለ አለቀሰ። የደብዳቤውን ግልባጭ ሲያሳይ ሰዉ «አሁን የፈበረከው ነው» አለው። አንተም ወደ እኔ ዞረህ፣

«ተዋቸው፣ ወረቀቱ ላይ ነበረ እንዴ?» አልኸኝ።

«የለም» አልሁህ።

ቃሌን አምናችሁ ዋናው ይምጣ ያለኝ ሳይኖር ጉዳዩ በዚያው ተዘጋ። ወጣቱ ከዚያ ወዲህ በቆቦ ገበያ ማለፍ ትቷል። አንተ ግን «የአላህ ቀደር ነው፤ በቃ አትዘን» እያልህ ያጽናናኸው እኔን ነበር፤ ሚስትህን ያጣኸው አንተ ሆነህ ሳለ።

ዋናውን ደብዳቤ ከዚህ ጋር አሽጌዋለሁ። የፊታችን እሑድ ቅሬው ሲሰበሰብ ቆሜ እናገራለሁ፤ የወጣቱን ስም የምመልስለት ሌላ መንገድ የለኝም። ከአንተ ይቅርታ አልለምንም። ማን እንዳደረገው ሳታውቅ ከምታዝን፣ አውቀህ ብትጠላኝ ይሻላል ብዬ ነው።

ታሂር ልጄ፣ ይህን ለአባትህ የምታነብለት አንተ እንደሆንህ አውቃለሁ። ምናልባት ከላይ የሆነ ቦታ ድምፅህ ተቋርጦ፣ እርሱም «ምን ይላል? ቀጥል እንጂ» ብሎህ ይሆናል። ለእርሱ አዝነህም ሆነ በእኔ ተናድደህ፣ አንድም መስመር አትዝለልበት። እስከ ስሜ ድረስ አንብብለት።

ተዋቸው አያሌው