የዓርቡ ሽንፈት

ሐሰት በፊቱ በማይቆም፣ የልብን ስውር በሚመረምር በአንድ አምላክ በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም፤

ይድረስ ለታናሽ ወንድሜ፤

እንደምን ሰንብተሃል? እኔ ጉልበቴ የመንበሩን ደረጃ መውጣት እንቢ ከማለቱና በሠርክ ጸሎት ፊደሉ ከሚደበላለቅብኝ በቀር፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ጤናህን መጠየቅ ወግ ነው፤ ነገር ግን ትናንት በስልክ ስለ ወገብህ፣ ስለ ደም ግፊትህ፣ ስለ እንቅልፍ ማጣትህ፣ ስለ አዲሱ መኪናህ መቀመጫ አለመመቸት ሳይቀር ሳልጠይቅህ ስለ ዘረዘርክልኝ፣ በዚህ ረገድ የጎደለኝ ዕውቀት የለም። በግንቦት አጋማሽ በዓላቸው ሲውል ውርጭ የሚያወርዱት ሦስቱ የውርጭ ቅዱሳን ዘንድሮ ወይናችንን ማሩልን፤ ተክሉ ለምልሟል። የሚስትህ መቃብር አፈር ግን ገና ስላልረጋ፣ ድንጋዩን ለማቆም እስከ ወይን ለቀማው መጠበቅ አለብን። ይህን አልጠየቅከኝም፤ እኔው ነገርኩህ።

በስልክ መልስ ያልሰጠሁህ አንተን በስልክ ማናገር ጠርሙስ ውስጥ ከገባች ንብ ጋር እንደ መከራከር ስለሆነብኝ ነው። ወረቀት ግን ታጋሽ ነው፤ አታቋርጠኝም። የለመንከኝንም ነገር እንደ ገና እጽፍልሃለሁ፤ ሰው የተናገረውን በቀለም ተጽፎ ሲያየው አንዳንድ ጊዜ ያፍራልና። እንዲህ ነበር ያልከኝ፦ «ጋሼ፣ አንተ ቄስ ነህ፤ ልጄ አንተን ታምንሃለች። ሰኞም አልደወልኩለት፣ ረቡዕም አልደወልኩለት በላት። ነገሩ ድንገት ነው የሆነው በላት። አንዲት ዐረፍተ ነገር እኮ ናት፤ ምን ትጎዳሃለች?» ቀጥለህም «የፓሪስ ውድድር ደረሰ እኮ! ያለ እኔ ሜዳ ልትገባ ነው?» ብለህ ጮህክ።

መልሴ አይሆንም ነው። ደብዳቤውን እዚህ ላይ ብጨርሰው ይበቃ ነበር፤ ነገር ግን አንተ «አይሆንም» የሚለውን ቃል የጨዋታ ስልት አድርገህ የምታይ ሰው ስለሆንክ፣ ምክንያቱን መጻፍ ግድ ሆነብኝ።

በሞተችበት ሳምንት፣ ሰኞ ዕለት፣ ሐኪሞቹ ሚስትህን ያርሚላን ከእንግዲህ የምናደርግላት የለም ብለው ወደ ቤቷ ሲመልሷት፣ አንተ ከልጅህ ጋር ለውድድር በስፔን ባሕር ዳር ነበርክ። ደወልኩልህ። «ኤጭ፣ ይቺ ሴትዮ ሁልጊዜ እንደዚህ ናት፤ ባለፈው ክረምትም ሞተች ብላችሁ ነበር» አልከኝ። ሃያ ስድስት ዓመት ያበሰለችልህን ሴት «ይቺ ሴትዮ» ስትል ስልኩን ከጆሮዬ አራቅኩት። ረቡዕ ደግሞ ቀንዲል ልቀባት፣ ቁርባን ላቀብላት መሄዴ መሆኑን ነገርኩህ። ምን ብለህ መለስክልኝ? «ደወል ይዘህ እንዳትሄድ! በመኪና ሂድ። ሰዎች ካዩህ ለልጅቷ ይደውላሉ፤ ትረበሽብኛለች። ለዋንጫው ትንሽ ነው የቀራት ጋሼ፣ ትንሽ!»

በእግሬ ሄድኩ። ወይዘሮ ሄድቪካ፣ የደብሩን መብራትና ደወል የሚጠብቁት መበለት፣ ቁርባን ወደ ታማሚ ሲሄድ የሚደወለውን ትንሹን ደወል ይዘው ከፊቴ ቀደሙ፤ ከወትሮውም አብዝተው ደወሉት። «እጅዎን ያሳርፉ እንጂ» ብላቸው «አባ፣ እስፔን ድረስ እንዲሰማ ነው» አሉኝ። አልገሠጽኳቸውም።

ለድል ብሎ ከደጁ ቀድሞ የሚወጣውን ሊሠዋ የተሳለ አንድ የጦር አለቃ በጥንት ዘመን እንደ ነበረ በልጅነታችን አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠን ተምረናል። ስእለቱ የሚያስከፍለውን ባወቀ ጊዜ፣ ልጁም ከደጁ ስትወጣ ባያት ጊዜ ልብሱን ቀዷል። እንግዲህ እርሱ ሞኝ ነበር፤ ነገር ግን አልቅሷል። አንተ የሚስትህን ለሞት መቃረብ ስትሰማ የጨዋታ መርሐ ግብር አየህ። ሐዋርያው ስለ ሩጫና ስለ አክሊል የጻፈውንም ልትጠቅስልኝ ቃጣህ። ከየት እንዳገኘኸው እገምታለሁ፤ ከአንድ የስፖርት አዳራሽ ግድግዳ ላይ መሆን አለበት። እስከ መጨረሻው ብታነበው ኖሮ፣ የሚጠፋውን አክሊል ያነሣው ከማይጠፋው እንደሚያንስ ሊያሳይ እንጂ ሊያስጎመጅህ እንዳልሆነ ታገኝ ነበር።

በቴሌቪዥን ቀርበህ «ልጄን እኔ ነኝ የሠራኋት» ስትል ያርሚላ ከአልጋዋ ሆና ሰምታሃለች። እኔም አጠገቧ ነበርኩ። ድምፁን ቀንሱልኝ ብቻ አለች። ይህ መንደር ግን ማን ምን እንደ ሠራ ያውቃል። ልጅህ ቬንዱላ የመጀመሪያዋን ኳስ የመታችው በእሳት አደጋ ጣቢያው ግድግዳ ላይ ነው፤ ኳሱን የምትወረውርላትም እናቷ ነበረች፣ ከጠርሙስ ፋብሪካው ተመልሳ፣ በቤት ጫማዋ። የቴኒስ ክለቡን ቀይ አፈር ሜዳ ማታ ማታ በብሩሽ የምታስተካክለው እርሷ ነበረች፤ ልጅቷ በነፃ እንድትጫወት። አንተ በዚያ ዘመን ቴኒስን የምታውቀው ከቢራ ብርጭቆ ማዶ ነበር። ልጅቷ የአውራጃውን ሻምፒዮና ባሸነፈች ማግስት ግን አሰልጣኝ ሆነህ ተገኘህ። እንዴት እንደ ሆንክ ማንም አላየም፤ ፊሽካ ገዝተህ ነበር። ከዚያ ወዲህ ያርሚላ «ታዘናጋታለች» ተባለችና በገዛ ልጇ ጨዋታ ላይ ከአጥር ውጭ ቆመች።

የልጅቷን ሙያ የናቅኩ አይምሰልህ። ዛሬ ከዓለም መቶዎቹ ውስጥ የገባችው በራሷ ክንድ ነው፤ ያችን በግራ እጇ የምትመታትን ኳስ መስመሩ ጫፍ ላይ ስታሳርፋት ሳይ ፈጣሪ እጅን ለብዙ ነገር እንደ ፈጠረው አምናለሁ። የናቅኩት ሌላ ነገር ነው፤ ስሙንም ታውቀዋለህ።

«ስለ እናቷ ማን ነው የነገራት?» እያልክ የመጠጥ ቤቱን ባለቤት ዞውሃርን ከክለቡ አስወጣዋለሁ ብለህ እንደምትዝት ሰምቻለሁ። እንግዲያውስ የሆነውን ከእኔ ስማ። ቬንዱላ ባሸነፈች ቁጥር፣ በሜዳው ዳር ባለው በዞውሃር መጠጥ ቤት የተሰበሰበው ሁሉ በስልክ እንደሚዘፍንላት ታውቃለህ። አንተ አስቀድመህ ደውለህ «ስለ እናቷ ትንፍሽ እንዳትሉ» ብለህ አስፈራርተሃቸዋል። ሐሙስ ማታ አሸነፈች። እነርሱም ደወሉላት፤ ዘፈኑ ግን ዘፈን አልነበረም፤ ከዓለት ሥር የሚወጣ ድምፅ ይመስል ነበር ብለውኛል። ይህን ለማስተካከል ነው ዞውሃር ስልኩን የነጠቀው። መዋሸት የማይችል ሰው ሲዋሽ ምን እንደሚሆን ይኸውልህ፦ «ቬንዱልካ! እዚህ ሁሉም ደህና ነው፣ ሁሉም! እናትሽም ደህና ናት፣ እጅግ በጣም ደህና ናት! ዛሬ ኮቶሌት በላች፣ ከነድንች ሰላጣው፣ ሙልጭ አድርጋ!»

ስለ እናቷ ማንም አልጠየቀውም ነበር። ያርሚላም ከጾሙ መግቢያ ጀምሮ ከሾርባ በቀር በአፏ የገባ ነገር እንዳልነበረ፣ ከአንተ በቀር የማያውቅ አልነበረም። አኮርዲዮኑ ቆመ። አንዱ ከኋላ «አንተ ደደብ፣ ኮቶሌት ምን አመጣው?» ብሎ ዞውሃርን በክርኑ ጎሸመው። ከዚያ ልጅቷ ለብቻው ላነጋግረው ብላ፣ ዞውሃር ስልኩን እንደ ያዘ ወደ ጓዳ ገባ፤ ሲወጣም ለማንም ምንም አልተናገረም።

ዓርብ ጠዋት ጨዋታውን ለማየት መጠጥ ቤቱ ሞላ። ስድስት ለአንድ፣ ስድስት ለዜሮ ተሸነፈች። ያሸነፈቻት ልጅ ስሟን እስከ ዛሬ በትክክል የሚጠራላት ያላገኘች፣ በማጣሪያ የገባች ናት። ሰዎቹ «ምን ነካት? ታመመች እንዴ?» ሲሉ፣ ቢራ የሚቀዳላቸው አጡ፤ ዞውሃር አልነበረም። የጨዋታው የመጀመሪያ ክፍል እንኳ ሳያልቅ መኪናው የቪየናን መንገድ ይዛ ነበር። ከስፔን የሚመጣው አውሮፕላን የሚያርፈው እዚያ ነው።

ፀሐይ ከኮረብታው ሳትወርድ ቬንዱላ ከያርሚላ በር ላይ ደረሰች። እኔ መቍጠሪያዬን ይዤ ከአልጋው ራስጌ ተቀምጬ ነበር። ልጅቷ የጨዋታ ጫማዋን እንኳ አላወለቀችም፤ ካልሲዋ ላይ ቀይ አቧራ ነበር። ያርሚላ ዓይኗን ገለጠችና ለረጅም ጊዜ አየቻት።

«ተሸነፍሽ?» አለቻት።

«ተሸነፍኩ፣ እማ።»

«በጣም?»

«በጣም በጣም።»

«እሰይ» አለች ያርሚላ። ለብዙ ሳምንት ያላየሁትን ሳቅ ያን ጊዜ አየሁት። እኔ ወጥቼ በሩን ዘጋሁባቸው። እሑድ ቀትር ያርሚላ እስክታርፍ ድረስ አብረው ነበሩ፤ ያወሩትን አልጠየቅኩም፣ አንተም የመጠየቅ መብት የለህም። በዚያ ጊዜ አንተ የት ነበርክ? ልጅህ «እናቴ ጋ መሄዴ ነው» ብላህ ስትወጣ ሻንጣ አልያዝክላትም፤ «እሑድ ማታ ትመለሻለሽ» ብለህ ወደሚቀጥለው ውድድር ከተማ ቀድመህ ሄድክና የልምምድ ሜዳ ያዝክ። ሜዳው አማረ? ጥላ ነበረው?

በቀብሩ ምሳ ላይ ያደረግከውን ንግግር ደግሞ አልረሳውም። ሾርባው ሳይቀዘቅዝ ዞውሃርን ክንዱን ይዘህ «እንደ ዕውር ነው የተጫወተችው እኮ! ኳሱን ሁሉ አጥር ላይ! ደግነቱ ሻንጣዋን ገና በጠዋት፣ ከጨዋታው በፊት አዘጋጅታ፣ ትኬቷም በእጇ ነበር እንጂ፣ አውሮፕላኑ ያመልጣት ነበር» ስትለው ሰማሁህ። ዞውሃር አንተን አየህ፤ ቀጥሎም እኔን አየኝ። «አዎ፣ ደግነቱ» አለህና የፕሪም አረቄ ቀዳልህ። አንተም ጠጣህ። የልጅቷን የእግር እርምጃ ሳይቀር እየቆጠርክ የምታርም ሰው፣ የገዛ አፍህ የተናገረውን አልሰማህም።

በእናንተ ማኅበር ሕግ፣ አቅሙን ሁሉ ሳይጠቀም የሚሸነፍ ተጫዋች እንደሚቀጣ ተነግሮኛል። ስለዚህ ስለ ዓርቡ ጨዋታ የምለው አንዳች ነገር የለኝም። እኔ ሽማግሌ ቄስ ነኝ፤ ስለ ቴኒስም የማውቀው ጥቂት ነው።

አሁን ወደ ጉዳዩ። ቅዳሜ ጠዋት የያርሚላ የሞቷ ወር መታሰቢያ ቅዳሴ ነው። ቬንዱላ ወደ ደብሩ ትመጣለች፤ ከዚያም በቀጥታ ወደ ፓሪስ ትሄዳለች። ከቅዳሴው በኋላ አንድ ነገር እንደምትጠይቀኝ አስቀድማ ነግራኛለች፦ «አጎቴ፣ ለአባቴ የነገርከው መቼ ነው?» እኔም ሰኞና ረቡዕ ብዬ እመልስላታለሁ። አልጨምርበትም፤ አልቀንስበትም። ከዚያ በኋላ በፓሪስ፣ በሜዳው ዳር ባለው በአሰልጣኝና በቤተሰብ ወንበሮች ረድፍ ላይ ላንተ ቦታ ይኑር አይኑር የእርሷ ፈንታ ነው።

ነገር ግን ቅዳሜ ጠዋት እስኪደርስ ገና ጊዜ አለህ። ልጅህ ያለችው በእናቷ ቤት ነው፤ መንገዱን ካልረሳኸው። ቀድመኸኝ ግባ። ምክንያት ሳትደረድር፣ ስለ ወገብህ ሳታወራ፣ ፓሪስን ሳታነሣ፣ «ሰኞ ነግሮኛል፤ ረቡዕም ነግሮኛል፤ ደበቅኩሽ» በላት። አንዲት ዐረፍተ ነገር ናት፤ ምን ትጎዳሃለች? ታስወጣህ ይሆናል። ብታስወጣህ ደጁ ላይ ቁም፤ ያርሚላ ከአጥር ውጭ ስንት ዓመት ቆማለች። እኔ ስናገር ከተገኘህ ግን የተያዘ ሰው እንጂ የተናዘዘ ሰው አትሆንም፤ የሁለቱን ልዩነት የማስተማር ሥራዬን አርባ ዓመት ሠርቼበታለሁና እመነኝ።

ቁጣዬ እንዲህ ነው። ወንድሜ ባትሆን ኖሮ ቀለሜን አልጨርስብህም ነበር።

እንግዲህ አንተንና ቤትህን እመርቃለሁ፤ ከቤትህ የቀረችልህ አንዲት ልጅ ናትና ምርቃቱ ይበቃችኋል። የያርሚላን ነፍስ ድካም በሌለበት ያሳርፍልን። ልጅህን በወጣችበት ይጠብቃት፤ ክንዷን ያበርታላት። ለአንተም እግዚአብሔር ከዋንጫው ሁሉ አስቀድሞ፣ ሰውን ወደ ቤቱ የሚመልሰውን ሽንፈት ይስጥህ። አሜን።

ታላቅ ወንድምህ
ከሞራቪያ፣ ከደብሩ ቤት