የተበሳው ጠገራ ብር

ገርጂ፣ ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውዷ ሐሚዳ፣

ሰላም ላንቺ፣ ለእህትሽ ለኑራና ኮምቦልቻ ላሉት ሁሉ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ወጡ ብቻ እምቢ አለኝ፤ ወይ ያርራል ወይ ጨው ይበዛበታል። ወሎ ሰፈር ያለው ሱቃችን እንደወትሮው ነው፤ የመኪና መለዋወጫ ፈላጊ አይጠፋም። ማታ ታክሲ ውስጥ ሆኜ "ይህን ለሐሚዳ እነግራታለሁ" እያልኩ ወሬ እሰበስብና፣ በሩን ስከፍት የምነግረው ሰው አጣለሁ።

እናትሽ ከሞቱ ወራት አለፉ። ሐዘኑ ሲያልቅ እመለሳለሁ ብለሽኝ ነበር፤ አሁን ግን ስጠይቅሽ "እስቲ እናያለን" ትይኛለሽ። ባለፈው ጁምዓ ደግሞ ድንገት "የእናቴን ብር ለወጥከው?" አልሽኝ። ኔትወርኩ ይሁን አንቺ፣ መልሴን ሳትሰሚ ስልኩ ተዘጋ። ከዚያ ወዲህም አታነሺም። ስለዚህ ጻፍኩልሽ።

ጥያቄሽ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። የሳንቲም አልበሜን ሕግ ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ከየዓይነቱ አንድ፣ እሱም ምርጡ። ሌላ ዓይነት የሚባለው ሥዕሉ፣ ማዕድኑ ወይም መጠኑ ሲለይ ነው። በአንዱ የምኒልክ ብር አንበሳው ግራ እግሩን አንስቷል፣ በሌላው ቀኙን፤ ስለዚህ ሁለቱም የየራሳቸው ቦታ አላቸው። "ለአንበሳ እግር ቦታ አለህ፣ ለኔ ልብስ ቁም ሳጥን የለህም" ብለሽ የሳቅሽብኝ ትዝ ይለኛል። ማርጀት፣ መጥቆርና መበሳት ግን አዲስ ዓይነት አያደርጉም። እናትሽ ስንጋባ ከአንገታቸው አውልቀው የሰጡሽ፣ አንቺም የአልበሜን ባዶ ኪስ አይተሽ ያስገባሽልኝ ጠገራ ብር፣ ቢበሳም ያው ጠገራ ብር ነው። ያልተበሳ ሲገኝ ቦታውን ይለቃል።

ያልተበሳውም ተገኘ። እንደኔው ሳንቲም የሚሰበስበው አሌክስ እሑድ ይዞት መጣ። ገና ዛሬ የተመታ ነው የሚመስለው፤ ላዩ ላይ የተቀረጸችው ንግሥት ፀጉር ሳይቀር ጥርት ብሎ ይታያል።

"በሉ የተበሳውን ያውጡና ይህን ያስገቡ። ለኔ ትርፍ ያለዎትን አንበሳ ይሰጡኛል" አለኝ።

"የሐሚዳ እናት ብር ነው እኮ" አልኩት።

"ጋሽ ሃይደር፣ ዓይነቱ አንድ ነው። ራስዎ አይደሉ እንዴ ያስተማሩኝ?"

እውነቱን ነው። ብሩን ከፕላስቲክ ኪሱ ሳብኩት። ቀዳዳውን በጣቴ ስዳስሰው ጠርዙ ለስልሷል፤ የእናትሽ የአንገት ክር፣ ቀጥሎም ያንቺ ያለሰለሱት ነው። እኛ ሰብሳቢዎች ጉዳት የምንለው ቀዳዳ ለካ ብሩን ሰው አንገት ላይ የሚያኖረው ነው። "ይሄ ሌላ ዓይነት ነው" ልለው ነበር፤ ግን እንዲህ ያለ ዓይነት በሕጋችን የለም። ሻዩን አስጠጥቼ ከነንግሥቲቱ ሸኘሁት። ጋሽ ሃይደር ጃጀ ይል ይሆናል፤ ይበል።

ሐሚዳ፣ ናፍቀሽኛል። ነጠላ ጫማሽ በሩ ላይ እንደተውሽው ነው፤ ስገባ ስወጣ እየተሻገርኩት እሄዳለሁ እንጂ አላነሳሁትም። እዚያ ከእህትሽ ጋር ይሻልሽ እንደሆነ አላውቅም። ብሩን አልለወጥኩትም። ልትሰሚው የፈለግሽው ይህን ብቻ ከሆነ፣ መልሴ ይሄው ነው።

ሹፌሩ ሱልጣን ነገ አውቶቡሱን ይዞ በኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሲያልፍ ከዚህ ደብዳቤ ጋር በጨርቅ የተቋጠረ ነገር ይሰጥሻል። የእናትሽ ብር ነው። ከስፌት ሳጥንሽ ጥቁር ክር ፈልጌ አስገባሁበት። በመነጽርም ያለ መነጽርም ስታገል ብታዪኝ ትስቂ ነበር። የአልበሙ ኪስ ባዶ ነው፤ ሌላ አላስገባበትም።

አላህ ለእናታችን ጀነትን ይወፍቃቸው፣ ላንቺም ሐዘኑን ያቅልልሽ። ብሩን በሱልጣንም ሆነ በሌላ ሰው እጅ እንዳትመልሺልኝ። አንገትሽ ላይ አድርገሽው ከመጣሽ ግን መናኸሪያ ቆሜ እጠብቅሻለሁ።

ባልሽ
ሃይደር