ድመትሽ ታማ የዋልንበት ቀን

ልጄ የትናየት፣ ጁባ ላይ የምትውይበትን የምታድሪበትን ሁሉ ፈጣሪ ይጠብቅልሽ። እኛ ደህና ነን፤ ሰሊጡም ታጭዷል።

ድመትሽ ግን አስደንግጣኝ ነበር። ውሃ ሳይቀር እያስመለሰች አልጋሽ ሥር ገብታ አልወጣም አለች። ጎረቤታችን ብርነሽ «ወተት ስጪያት» ብትለኝም ፈርቼ ሸሕዲ ላለው የእንስሳት ሐኪም ደወልኩ።

«ወተትም የሰው መድኃኒትም እንዳይሰጧት። ውሃ በጥቂት በጥቂቱ ያቅምሷት፤ ማስመለሷ ካልቆመ ዛሬውኑ ያምጧት» አለኝ።

መንገዱ ደግሞ ተዘግቶ መኪና አልነበረም። በማንኪያ ሳቀምሳት ዋልኩ። አመሻሹ ላይ ማስመለሷ ቆመ፤ ጨው የሌለው የዶሮ መረቅ ላሰችና እግሬ ላይ ተኛች። ያኔ እንባዬ መጣ። አንቺ ስትታመሚ ማን ያቀምስሽ ይሆን?

እመብርሃን ከራስጌሽ አትለይ። ሲያምሽ አትደብቂኝ፣ ደውይልኝ።

እናትሽ ባንቺአየሁ