በእህቴ ንጋት የሚነገር መርዶ

ረቡዕ፣ ግንቦት 14 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ነቀምቴ

በኪራሙ መንገድ የሞተብንን ወንድሜን ገመቺስን ከቀበርነው ሳምንት ሆነ። ካናዳ ያለችው እህታችን ለሊሴ ግን አልሰማችም። መርዶ የሚነገረው ሲነጋጋ ነውና የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ኦቦ ቶሌራ እዚያ ለሚያውቋቸው አማኞች ደውለው፣ ዛሬ በእሷ ንጋት፣ በእኛ ዘጠኝ ሰዓት ቤቷ ሄደው እንዲነግሯት ተስማሙ። እኛ ቤት ሳምንቱን ሙሉ በሩ አልተዘጋም፤ ሰው ዘው ብሎ እየገባ አብሮን ያለቅሳል። እዚያ ግን ጎረቤት እንኳ ሳይደውል አይመጣም ትላለች። በሯ በማለዳ ሲንኳኳ ብቻዋን ምን ትሆን ይሆን እያልኩ ስፈራ ዋልኩ።

ለዘጠኝ ጥቂት ሲቀረው ራሷ ደወለች። እናቴ ስልኩን ወደ እኔ ገፋችው።

"አካም ጅርታ? በዚህ ሰዓት ክፍል አይደለህም እንዴ?" አለችኝ። የእኛን ሰዓት መቼም አትረሳም።

"መምህሩ ታመው ነው።"

"ገመቺስ ለምንድን ነው የማያነሳው? እስቲ አቅርብልኝ።"

"ዲጋ ሄዷል። ኔትወርክ የለም።"

ከዚያ በስልኩ ውስጥ በር ሲንኳኳ ሰማሁ።

"በዚህ ማለዳ ደግሞ ማን ነው? ቆየኝ፣ እንዳትዘጋው" አለችኝ።

እርምጃዋ ወደ በሩ ሲሄድ ይሰማኛል። እንዳለችኝ አልዘጋሁትም።