የአባትሽ ፊርማ

ልጄ ኔሬይዳ፣ እንደምን ከርመሻል? የጓዳሉፔ እመቤታችን ማርያም በምትሄጂበት ሁሉ ትቅደምልሽ፤ የጀርመን ብርድ አይድፈርሽ። እኛ ደህና ነን። ጣሪያው ተጠግኗል፤ ዶሮዎቹ ግን እንቁላል መጣል አቁመዋል።

አባትሽ አስጨንቆኝ ነበር። በፖስታ የላከው የምርጫ ድምፅ «ፊርማው መዝገብ ላይ ካለው ጋር አይመሳሰልም» ተብሎ ታገደ። ስትሮክ ከመታው ወዲህ ማንኪያ መያዝ እንኳ እንደሚያስቸግረው ታውቂያለሽ። አጎትሽ ሮሄልዮ «ፍርድ ቤት ሲከራከሩበት የከረሙት የፊርማ ማመሳከሪያ ሕግ ይኸው! የሽማግሌ ድምፅ መንጠቂያ!» ብሎ ጮኸ። እኔ ደግሞ አባትሽን «የላኩልህን ወረቀት አምጣው፣ እኔ ልፈርምልህ፤ የድሮ ፊርማህን ከአንተ ይልቅ እኔ አውቀዋለሁ» አልኩት።

ተቆጣኝ። «ሌላ ሰው በስሜ እንዳይፈርም አይደል የሚያጣሩት? ይጠይቁኝ፤ ግን መልሴንም ይስሙ!» አለ።

ምርጫ ጽሕፈት ቤት ወሰድኩት። ጸሐፊዋ ፊት እየተንቀጠቀጠ ሲፈርም ላግዘው እጄን ብዘረጋ በክርኑ ገፋኝ። ልጅቷ መታወቂያውን አይታ «እርስዎ መሆንዎን አረጋግጫለሁ፤ ድምፅዎ ይቆጠራል» አለችው። መኪና ውስጥ ገባን። ከዚያ አለቀሰ። «ከሞቱት የቆጠሩኝ መስሎኝ ነበር» አለኝ።

እባክሽ ልጄ፣ እሁድ ደውይለት። ስለ እጁ አትጠይቂው፤ ማንን እንደመረጠ ጠይቂው። እንደማይነግርሽ አውቃለሁ፤ ለእኔም አልነገረኝም። መጠየቁ ግን ደስ ይለዋል። መግቢያ መውጫሽን ሰላም ያድርግልሽ።

እናትሽ ኦፌልያ፣ ከአሪዞና